የሺ ትሙት

በአገራችን ልጅ ማደጉን የምናውቅበት መንገድ የታወቀ ነው። መቀመጥ ሲጀምር በትራስ እንደግፈዋለን፣ ሲድህ ከምድጃ እናርቀዋለን፣ ብድግ ሲል «ወፌ ቆመች!» ብለን እናጨበጭባለን። ከዚያ ወዲያ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ማዶ ያለውን ጆሮውን እስኪይዝ ድረስ ስለ ዕድገቱ የሚጨነቅ የለም። ከያዘ ለትምህርት ደርሷል። ካልያዘ ለከርሞ። በሁለቱ ጆሮዎች መካከል ባለው ጭንቅላት ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም።

እኔ የዕለት እንጀራዬን የማገኘው ከዚያ ከመሃሉ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ውስጥ የልጆችን የአስተሳሰብ ዕድገት አስተምራለሁ። ሊቃውንቱ ልጅ ወደ አዋቂነት የሚወጣው በአራት ደረጃ ነው ይላሉ። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለው ሕፃን ያላየው ነገር ሁሉ የሌለ ይመስለዋል፤ እናቱ ወደ ጓዳ ስትገባ ከዓለም የጠፋች መስሎት ያለቅሳል። በሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለው ደግሞ ጨረቃ እሱን ብላ የምትከተለው፣ ያደናቀፈው ድንጋይ ሆን ብሎ የጠለፈው፣ የነገር ስም ደግሞ ከነገሩ ጋር የተሰፋ ይመስለዋል። ፀሐይን «ፀሐይ» ባንላት ኖሮ ትሞቅ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁት ግራ ይጋባል። ሦስተኛውና አራተኛው ደረጃ ሰው የሚበስልባቸው ስለሆኑ ብዙም አያስቁም። አባቶቻችን ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ጨርሰውታል፦ የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ።

ታዲያ በየዓመቱ ያ ስለ ስም የሚያወራው ቦታ ላይ ስደርስ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞራለሁ። ተማሪዎቼ የምጽፍ ይመስላቸዋል። ፊቴ ስለሚቀላ ነው። አንድ ጊዜ አንዷ እጇን አውጥታ «መምህርት፣ ከአገራችን አንድ ምሳሌ ቢሰጡን?» አለችኝ። ሳል ሳል አለኝና የጨረቃዋን ደገምኩላት። ምሳሌው ጠፍቶኝ አልነበረም። ምሳሌው እኔ ነበርኩ።

ይኸው ልናገረው። በዲግሪዬም፣ በመታወቂያዬም፣ ደመወዝ ስቀበል በምፈርምበትም ወረቀት ላይ ስሜ ሰናይት ነው። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ግን የሺ ነው። የቤት ስምና የትምህርት ቤት ስም መለያየቱ ብርቅ አይደለም፤ ስንቱ በቤቱ ማሙሽ ተብሎ በአደባባይ ኢንጂነር ይሆናል። እኔ ግን ሰናይት የተባልኩት ሌላ ምክንያት ኖሮኝ ነው። ሞትን ልሸውድ ብዬ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው መርካቶ፣ ዱባይ ተራ፣ እናቴ ሱቅ ውስጥ ነው። አዲሱ መንግሥት ገብቶ ገበያው ተከፍቶ ብርድ ልብሱ፣ አንሶላው፣ ጫማው ከባሕር ማዶ እንደ ጎርፍ ይወርድ የጀመረበት ሰሞን ነበር። አባቴ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። እኔ ጆሮዬን ለመያዝ ትንሽ የቀረኝ ልጅ ነኝ። ቤት የምትጠብቀኝ ሠራተኛ አገሬ ልግባ ብላ ስትሄድ እናቴ አማራጭ አጣችና አንድ ጠዋት ይዛኝ ወጣች፤ ወስዳም በብርድ ልብስ ክምር ላይ እንደ ዕቃ አስቀመጠችኝ።

መርካቶን ለምታውቁት ልንገራችሁ ማለት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ለማታውቁት ግን ይህን ልበላችሁ። እዚያ ዋጋ መጀመሪያ ይጠራል፣ ቀጥሎ ይለመናል፣ በመጨረሻ ይማልበታል። መሐላ የሌለው ንግድ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። ነጋዴው ዓይኑ እያየ በወንድሙ ይምላል፣ በእናቱ ይምላል፣ በራሱ ይምላል። የማይወዱትን ሰው አንስቶ መማል ደግሞ አይቻልም። ማን ያምናል? «አከራዬ ይሙት» ብሎ የማለ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስለዚህ ከመሐላዎች ሁሉ ከባዱ በልጅ የሚማለው ነው፤ እናቴም ያለኋት አንድ ልጅ እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያዋን ደንበኛ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ነጠላዋን መስቀለኛ ያጣፋች ወፈር ያለች ሴትዮ ናት። አንዱን ብርድ ልብስ ገልብጣ፣ አሽትታ፣ በጣቷ ጎትታ ስታበቃ «በይ መጨረሻውን ንገሪኝ» አለች። እናቴ ተናገረች። ሴትዮዋ ሳቀች። እናቴ ቀነሰች። ሴትዮዋ አሁንም ሳቀች። ይኼን ጊዜ እናቴ እጇን ዘርግታ መዳፏን አናቴ ላይ ጣል አደረገችና «የሺ ትሙት፣ ከዚህ በታች አያዋጣኝም!» አለች።

ሴትዮዋ አየችኝ። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ ብርድ ልብሱን አስቀመጠችና ሄደች።

እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑ። አዋቂ መሐላን እንዴት እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ «ውሸቴን ከሆነ» የምትለው ሳትነገር የምትቀር ነገር አለች፣ ጆሯችን ራሱ ይሞላታል። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ግን «ከሆነ»ን አያውቃትም። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ሁለት ቃል ብቻ ነው የሰማሁት። የሺ። ትሙት። ሞት ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ፤ አባቴ እንዳደረገው ሄዶ አለመመለስ ነው። ይህን የምትለው የገዛ እናቴ ናት፤ ሴትዮዋም ይህን ሰምታ፣ ዓይኔን አይታ፣ «ትሙት እንግዲህ» ብላ ሄደች።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንድ ሰውዬ መጣ። ያው ንግግር፣ ያው መዳፍ፣ ያው «የሺ ትሙት»። እሱ ግን «እሺ በይ ጠቅልይው» አለ። እናቴ ሳቀች፣ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። እኔም የዓለምን አሠራር እዚያው ብርድ ልብሱ ላይ እንደተቀመጥኩ ደረስኩበት። የሚገዛ ሰው ያድነኛል። የማይገዛ ሰው ለሞት አሳልፎ ይሰጠኛል። ሳይንስ ማለት ይኸው ነው፤ አይቶ፣ አነጻጽሮ፣ መደምደም። ስህተቱ ትንሽ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ዓይን ዓይኑን አየው ነበር። ክርክሩ ሲጦፍ ከንፈሬ ይንቀጠቀጣል። እናቴ መዳፏን ስታነሣ እንባዬ ሞልቶ ይጠብቃል። ይህን አይቶ ማን ያልፋል? «ኧረ በስማም፣ ልጅቷን አታስለቅሺያት፣ በይ ስጪኝ» ይላሉ እናቶች። ወንዶቹ ኪሳቸውን እየዳበሱ «ምን ሆና ነው?» ይላሉ። እናቴ እውነት ለመናገር አላስተዋለችም፤ እንቅልፏ መጥቶ ይሆናል ትላለች። ያስተዋለችው የሽያጩን ነገር ነው። በሳምንቱ «ይቺ ልጅ ገደኛ ናት!» የሚለው ወሬ ተራውን አዳረሰው።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጋሽ ሸምሱ፣ ምንጣፍና መጋረጃ የሚሸጡ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ገበያ ሲቀዘቅዝባቸው አንገታቸውን ብቅ ያደርጉና «እስቲ የሺን እስከ ምሳ አውሺን» ይሏታል።

«ጋሼ፣ ልጅ እንደ ወንፊት ይዋሳል እንዴ?» ትላለች እናቴ።

«ወላሂ፣ እንዳለች እመልሳታለሁ!»

እሳቸው ጋ መዋል እወድ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ሲምሉ «ወላሂ» ነው የሚሉት። የሚምሉት በፈጣሪ ነው፤ ፈጣሪ ደግሞ አይሞትም፣ ስለዚህ በዚያ ሱቅ ውስጥ ማንም ለማንም አያሰጋም። እንዲያውም አንድ ሰሞን፣ አፈር ስሆን ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ፣ የሳቸው ልጅ በሆንኩ ብዬ ተመኝቼ ነበር።

ግን እዚያም ሰላሜ ብዙ አልቆየም። እናቴ ካላየችኝ መሐላው የሚስተኝ ይመስለኝ ነበር፤ አንዳንዴ ገበያተኛ ሲመጣ ከክምሩ ኋላ ተደብቄ ዓይኔን በእጄ እሸፍናለሁ። አንድ ቀን የጋሽ ሸምሱ ምንጣፍ ላይ ተኝቼ ሳለሁ በግድግዳው ወዲያ ማዶ «የሺ ትሙት!» ሲባል ሰማሁ። አጠገቧ የለሁም። አታየኝም። መሐላው ግን ያለምንም ችግር ግድግዳውን አልፎ መጣ። ያን ጊዜ ገባኝ። የሚፈልገው እኔን አይደለም፣ ስሜን ነው። ዛሬ ሳስበው ይህ ለዕድሜዬ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ተማሪዎቼን ብጠይቃቸው «እያደገች ነው» ይሉ ነበር። ለእኔ ግን የባሰ ዜና ነው። ከእናት ሱቅ መሸሽ ይቻላል፤ ከስም ወዴት ይሸሻል?

ወደ ሌላ ስም።

እንደ ሐሳብ ቀላል ይመስላል። ሲሞከር ግን ስም ሁሉ ባለቤት አለው። ፎዚያ ልባል ብዬ አሰብኩ፤ ፎዚያ የጋሽ ሸምሱ ልጅ ናት፣ ብስኩት ስታገኝ ግማሹን ለእኔ ትቆርሳለች። ሂሩት? ሂሩት የልብስ ሰፊው ልጅ ናት። መሠረት? መሠረት ሱቃችንን የምትጠርግ ልጅ ናት፣ ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ናት። እኔ ለመትረፍ ብዬ ማንን ልግደል? ፈሪ ነበርኩ እንጂ ክፉ አልነበርኩም። ብዙ ቀን ስፈልግ ከርሜ አንድ ባለቤት የሌለው ስም ትዝ አለኝ። አባቴ በሕይወት ሳለ እናቴ ገላዬን ስታጥበኝ «እህት ብወልድልሽ ሰናይት ነበር የምላት» ትለኝ ነበር። አባቴ ሞተ፣ እህቴም ሳትመጣ ቀረች። ስሙ ብቻ ማንም ሳይለብሰው ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ ትምህርት ቤት መግባት ብቻ ነው፤ አዲስ ስም የሚጻፍበት ሌላ ቦታ አላውቅማ። «ትምህርት ቤት ውሰጂኝ» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። እናቴ ገደኛዋን መስደድ አልፈለገችም፤ «ዘንድሮ ትቆይልኝ፣ ገና ናት» አለች። አለቀስኩ። ምግብ እምቢ አልኩ። በቤተሰባችን ውስጥ እስከ ዛሬ እንደ ተረት የሚወራው ይኼ ነው፤ አክስቶቼ ሰነፍ ልጆቻቸውን ሲመክሩ «የሺን አታዩም? ለትምህርት እንዴት እንዳለቀሰች!» ይላሉ። ስንት ልጅ በእኔ ምክንያት ተገሥጿል። ይቅር ይበሉኝ፤ ያለቀስኩት ለነፍሴ ነው።

እናቴ ተረታች። ግን ምዝገባው በእንቁጣጣሽ ገበያ ሰሞን ስለነበር ሱቁን ጥላ መሄድ አልቻለችም፤ ጋሽ ሸምሱ ፎዚያን ሊያስመዘግቡ ሲሄዱ እኔንም በሌላ እጃቸው ይዘውኝ ሄዱ። መዝጋቢው ጆሮሽን ያዢ አለኝ። ጣቴ ትንሽ አጠረ፤ ጆሮዬ ግን ደግ ነበርና ወደ ጣቴ ዘንበል አለልኝ።

«ስምሽ ማነው?»

«ሰናይት።»

ጋሽ ሸምሱ ዞር ብለው አዩኝ። ማታ እናቴ ስትጠይቃቸው «የክርስትና ስሟ መስሎኝ ነው፤ በሰው ሃይማኖት ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ» አሏት። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ማን ሰናይት በይ አለሽ?» አንገቴን ደፋሁ። ዓይኗ ለስለስ አለ። «ስሙን ወደድሽው?» ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩ። «ይሁና፣ ስምን መልአክ ያወጣዋል» አለችና ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

መልአኩ እኔ እንደሆንኩ አልነገርኳትም።

እንዴት ያለ ሰላም መሰላችሁ! ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት ሰናይት ነኝ። ከሰዓት በኋላ ሱቅ ስመለስ እናቴ «የሺ ትሙት!» ትላለች፤ እኔ ክምሩ ላይ ተቀምጬ እግሬን እያወዛወዝኩ ብስኩቴን እበላለሁ። የሺ እንደሆነ የለችም። ገበያተኛው አይቶኝ፣ ጥጋቤን ታዝቦ፣ ሳይገዛ ይሄዳል። ገዴ እንደ ጤዛ ጠፋ። «ትምህርት ገዷን ወሰደው» አለች እናቴ፤ ጋሽ ሸምሱም ከዚያ ወዲያ ሊዋሱኝ አልመጡም።

ከዚያ አደግኩ። መሐላ መሐላ ብቻ መሆኑን መቼ እንዳወቅኩ አላስታውስም፤ ሰው የመጣበትን ደረጃ ዞር ብሎ አያይም። ስሙ ግን ተጻፈና ቀረ። በሱ ተፈተንኩ፣ በሱ ተመረቅኩ፣ በሱ ተዳርኩ። ባለቤቴ ሰናይት ይለኛል፤ ምክንያቱን ለእሱም አልነገርኩትም። የልጆችን አእምሮ ለሰው የማስተምር ሴት፣ ስሜ ራሱ የሕፃን ስህተት ነው ብዬ በየት አፌ ላውራው?

ለእናቴ የነገርኳት በቅርቡ ነው። ያ ሱቅ አሁን የለም፤ ፎቅ ሊሠራ ፈርሷል። እሷም ቤት ውላ ትናንት የሸጠችውን ዛሬ በወሬ ትሸጣለች። አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ነጭ ሽንኩርት እየላጥን ተጫወትን፤ ሳቋ ደስ ሲለኝ ከአፌ አመለጠኝ።

«እማዬ፣ ሰናይት ለምን እንደተባልኩ ታውቂያለሽ?»

«ስሙን ወደሽው ነዋ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ወፍራሟ ሴትዮ፣ ስለ እንባዬ፣ ስለ ፎዚያና ስለ ሂሩት። እየሳቀች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አይ የኔ ጅል! ገደኛ ስልሽ የነበረው ለካ ፈርተሽ ነው!» ከዚያ ሳቋ ነዳጅ እንዳለቀበት መኪና መሃል ላይ ቀጥ አለ።

«ቆይ፣ ቆይ። ስሙን የወሰድሽው የምር ነው?»

«ልጅ ነበርኩ እኮ፣ እማዬ።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ። ሰናይት ማለት አንቺ ነበርሽ?»

«አዎ።»

«ወይኔ ልጄን!» ቢላዋውን አስቀመጠችው። «የሺዬ፣ ስሚኝ። እኔ በአንቺ በውሸት ምዬ አላውቅም። 'የሺ ትሙት' ካልኩ እውነት ነው፤ እንዲያ ባይሆን መዳፌን አናትሽ ላይ አልጭንም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አንቺ እያለሽ ደግሞ መዋሸትም አያስፈልገኝም ነበር፣ ዕቃው ራሱ ይሄድልኝ ነበር። ትምህርት ቤት ገባሽና ገበያው ጠፋ። እውነት ብቻ እየተናገሩ ዱባይ ተራ ስንት ቀን ይከረማል? አንዳንዴ መዋሸት ግድ ሆነብኝ። በማን ልማል? አባትሽ ሞቷል። ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እና በማን ማልሽ?»

መልሱን ከመናገሯ በፊት አወቅኩት።

«በሰናይት ነዋ። ያልተወለደች ልጅ ምን ትሆናለች ብዬ።»

«እማዬ! የትምህርት ቤት ስሜ መሆኑን እያወቅሽ?»

«ያ የወረቀት ስም ነው። ለእኔ አንቺ የሺ ነሽ። ሰናይት ያቺ ሳትመጣ የቀረችው ናት፤ አንቺ እዚያ ስም ውስጥ እንደገባሽ በምን ልወቅ?»

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው። እውነቱ ሁሉ የተማለበትን ስም ጥዬ፣ ለመትረፍ ብዬ ሮጬ የገባሁት ውሸቱ ሁሉ የተከመረበት ስም ውስጥ ነው። ለዚያውም ያ ሁሉ መሐላ ሲወርድ እኔ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ «ሀ ሁ» እላለሁ።

እዚህ ላይ ሙያዬን ማስታወስ ነበረብኝ። «እማዬ፣ ቃልና ነገር የተለያዩ ናቸው፤ ስም እጅ የለውም» ልላት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ነጭ ሽንኩርት የሚሸት መዳፏን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትኩሳት እንዳለኝ ትለካለች። ፊቷ ከምሯ ነበር።

«ሁለተኛ ክፍል ሆነሽ ኩፍኝ የያዘሽ» አለች ቀስ ብላ፣ «ያ አንሶላው ነው። ቀለሙ አይለቅም ብዬ ነበር።»

«ለቀቀ?»

«እንደ ጉድ ለቀቀ።»

አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ላስተምራት የከፈትኩት አፍ ነው፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ታይፎይዱስ?»

«ጃንጥላው ይሆናል። ነፋስ አይገለብጠውም እያልኩ ስሸጥ ከረምኩ፤ ከሱቅ በራፍ ሳይርቁ ይገለበጥባቸው ነበር። የኔ ልጅ፣ ይቅር በይኝ።»

«እግሬን የተሰበርኩ ጊዜስ? አምስተኛ ክፍል?»

እናቴ ጣሪያውን እያየች ብዙ አሰበች። ያን ክረምት፣ ከዚያ በፊት የነበረውን በጋ፣ የገባውን ዕቃ ሁሉ በሐሳቧ ገለበጠች። እኔም ሽንኩርቴን ይዤ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኳት።

«እሱ ላይ የለሁበትም» አለች በመጨረሻ። «ያን ክረምት የሸጥኩት የዝናብ ቦቲ ብቻ ነው። ውኃ አያስገባም ብዬ በየሺ ነበር የማልኩት፤ አላስገባም። እግርሽን የሰበርሽው የጎረቤት ዘይቱን ልትሰርቂ አጥር ስትዘዪ ነው።»

ከዚያ ሁሉ ዓመት ትምህርት በኋላ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። ግን እውነቴን ነው የምላችሁ፤ እፎይ አልኩ።